ጋሽ ለሚና የስንዴው ወረቀት

ጋሽ ለሚ መሞታቸውን የነገረችኝ ልጃቸው አያንቱ ናት። ሳሪስ አቦ ከተከራየሁበት ቤት ድረስ መጥታ፣ ግቢ ብላት እምቢ ብላ፣ በር ላይ እንደቆመች ነገረችኝ። ቀብሩ በማግስቱ በስድስት ሰዓት ነው አለች። ነፍስ ይማር አልኩ፤ እመጣለሁም አልኩ። መልእክቷ ግን ገና አላለቀም ነበር።

"አባዬ የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈዋል" አለችኝ። "እርስዎ እንዲያነቡት ነው የተናዘዙት። ሌላ ሰው አያንብበው ብለዋል።"

ቀደም ብዬ ልየው ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ እዚያው ይሰጥዎታል ብላ ሄደች።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው ይህ የሆነው። በዚያ አገር ገበሬ ሲቀበር የሕይወት ታሪክ ሲነበብለት አይቼ አላውቅም፤ ያ የከተሜ ወግ ነው። ጋሽ ለሚ ደግሞ ለወግ ብለው ብዕር የሚያነሡ ሰው አልነበሩም። ምን ሊጽፉ እንደሚችሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገምቻለሁ። ሄድኩም ቀረሁም መነበቡ እንደማይቀር ገባኝ፤ ብቀር ኑዛዜውን ጥሰው ሌላ ሰው ያስነብቡታል፣ ብሄድ እኔው አነበዋለሁ።

ከግብርና ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአቃቂ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ ማኅበር ነበር፤ በልማት ሠራተኛነት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ቦት ጫማዬን በየጠዋቱ እወለውላለሁ፣ ከገበሬው የበለጠ ስለ አፈር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከማኅበሩ ጀርባ ጋራ ቦሩ የሚባል የተራቆተ ተራራ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተጠረገ ወንዝ ይገባል። መንግሥት ይህ ተራራ ይከለል አለ። ከብት አይግባበት፣ ሣር አይታጨድበት፣ ጭራሮ አይለቀምበት፤ ገበሬው እርከን ይሥራበት፣ ችግኝ ይትከልበት። ግጦሹን ለተወበትና ለለፋበት ደግሞ በየወሩ ስንዴና ዘይት ይሰጠዋል። ስንዴው ከቃሊቲ መጋዘን በካሚዮን ይመጣል፣ እኔ በመዝገብ እየጠራሁ አድላለሁ።

ዝናቡ ሁለት ክረምት አከታትሎ ስለከዳ ያ ስንዴ ጉርሻ ብቻ አልነበረም። ስሙ መዝገብ ላይ ያለ ይበላል፣ የሌለ ልጁን ይዞ ቃሊቲ ፋብሪካ በር ላይ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሰለፋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር።

ተራራውን የሚጠብቅ ሰው ይመረጥ ሲባል ስብሰባው በአንድ ድምፅ ጋሽ ለሚን መረጠ። ስለወደዳቸው አይደለም። ከጎረቤት ጋር መቀያየምን የማይፈራ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱ ትከሻቸው ዘመም ያለ ሰው ነበሩ። ከአቃቂ ገበያ የገዙትን አሮጌ የወታደር ካፖርት ክረምት ከበጋ ከላያቸው አያወርዱትም። ማኅበሩ ፊሽካ ገዝቶ ቢሰጣቸው ከብት ፊሽካ አይሰማም ብለው ለልጆች መጫወቻ ሰጡት። እንዴት አደሩ ሲሏቸው "ሣሩ ደህና ነው" ብለው ይመልሳሉ። የጠየቁት ስለ ሣሩ አይደለም ብሎ የሚከራከራቸው አልነበረም።

ፊደል አልቆጠሩም፤ ለወረቀት ያላቸው ክብር ግን እንደ ታቦት ነበር። ጥበቃውን በጀመሩ ሰሞን በየጠዋቱ ቢሮዬ እየመጡ መመሪያውን እንዳነብላቸው ያደርጉኝ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ቃል በቃል ይደግሙታል። ከሳምንት በኋላ እኔ ከረሳሁት አንቀጽ ላይ እሳቸው ያስታውሱኝ ጀመር። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ እኔ ዓይናቸው ነኝ፣ እሳቸው ተራራው ላይ እግሬ ናቸው። አንባቢዬ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

አንድ ጊዜ የራሳቸው ጥጃ አጥር ሾልኮ ገባ። ሌላ ሰው አላየም። ጋሽ ለሚ ግን ጥጃውን እየጎተቱ ቢሮዬ መጥተው "ወረቀቱ ምን ይላል?" አሉኝ። በጊዜው የነበረው ቅጣት የአንድ ወር ስንዴ ነበርና ያንኑ አነበብኩላቸው። የዚያን ወር ሰልፍ አልተሰለፉም። ባለቤታቸው ለአንድ ወር ያህል እንዳላነጋገሯቸው በኋላ ሰማሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ለጉብኝት መጡ። ሰውዬው ስለ ምድር ልምላሜ ሲናገሩ ቆይተው ከአንዱ ቁጥቋጦ ለመፋቂያ የምትሆን ቅርንጫፍ ቀነጠሱ። ጋሽ ለሚ በሕዝብ ፊት ቀርበው መዳፋቸውን ዘረጉና ወደ እኔ ዞር ብለው "ወረቀቱ ምን ይላል?" አሉኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ላብ በላብ ሆነ። እንጨት አይቆረጥም ይላል አልኩ። ትልቁ ሰው ስቀው ቅርንጫፏን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው፣ በንግግራቸውም አመሰገኗቸው። ያን ቀን በጋሽ ለሚ ኮራሁ። ሊቀመንበሩ ግን የሳቀውን ሰው ሳይሆን ራሱን ያላበውን ነው የሚያስታውሰው፤ ቂም ይዞ ቆየ።

ጋሽ ለሚ አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ ጫልቱ የምትባል። ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇን ቶሎሳን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባታል። የቀራት አንዲት ቡሬ ላም ናት፤ እሷም ጫልቱ ስትዳር ጋሽ ለሚ ከሰጧት ላም የተወለደች ናት። ተራራው ከተዘጋ ወዲህ ጫልቱ ላሟን ከአጥሩ ውጭ በገመድ አስራ የቦይ ዳር ሣር ታስግጣት ነበር። በዚያ ደረቅ ጊዜ የቦይ ዳር ሣር ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ ሰሞን አዲስ መመሪያ መጣ። ሊቀመንበሩና እኔ ቢሮ ዘግተን አነበብነው። ከዚህ በኋላ ከብቱ በክልሉ ውስጥ የተገኘበት ሰው ከብቱ ይወረሳል፣ ስሙም ለአንድ ዓመት ከስንዴ መዝገብ ይሰረዛል ይላል። ቀጥሎ አንዲት መስመር ነበረች፤ በግዳጅ ላይ የሚገኝ ወታደር ቤተሰብ ግን በማስጠንቀቂያ ይታለፋል የምትል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን እየመለሰልኝ፣ ከበላይ ሰዎች በወሩ መጨረሻ ሊመጡ ነው፣ አንድ ምሳሌ የሚሆን ሰው ካላሳየናቸው ስንዴውን ለሌላ ማኅበር ይሰጡታል አለኝ። ከዚያ ወሬውን ቀይሮ ስለ እኔ ጠየቀኝ። የልማት ሠራተኞች ወደ ሰፈራ ጣቢያ እየተላኩ ነበር፤ ወባ ወዳለበት፣ ብዙዎቹ ወዳልተመለሱበት። እዚህ ለመቅረት ማኅበሩ ይፈለጋል ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ደብዳቤህን አስቤበታለሁ አለኝ። ሌላ ማለት አላስፈለገውም።

ስንዴ የሚታደልበት ቀን ነበር። ሰው ጆንያውን ይዞ የማኅበሩን ግቢ ሞልቶታል። ጋሽ ለሚ ቡሬዋን ላም እየነዱ በበሩ ሲገቡ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየ። ላሟን የማያውቃት አልነበረም። ጫልቱ ከሰልፉ መሃል ነበረች፤ ጆንያዋን እንደያዘች ወጥታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

"ለሚ፣ የእናቴ ልጅ፣ ላሟን አላወቅካትም?" አለቻቸው።

"አውቄያታለሁ።"

"ገመዱ አርጅቶ ነው።"

ጋሽ ለሚ በእጃቸው የጠቀለሉትን ገመድ ለሰዉ ሁሉ እንዲታይ ዘረጉት። "ገመዱ አልተበጠሰም" አሉ። "ተፈቷል።"

ጫልቱ አቀረቀረች። የላሟ ጡት ደርቆ ነው አለች ቀስ ብላ፤ ለወንድሟ ይሁን ለራሷ አልታወቀም። አንጀቴን በላችኝ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁሉ ነገር በእጄ ነው። ጋሽ ለሚ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንባቢዬ፣ አዲስ ወረቀት መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ምን ይላል?"

አነበብኩ። ከብቱ ይወረሳል፣ ስሙ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። ቀጣይዋ መስመር አውራ ጣቴ ሥር ነበረች። ሊቀመንበሩ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ጋሽ ለሚ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ያዳመጡት፤ አሁን ገለጡት። "ሌላስ ምን ይላል?" አሉኝ።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ መጠየቃቸው አይደለም፤ መጠበቃቸው ነው። አልቸኮሉም። ቆመው ጠበቁኝ። በዚያች ጊዜ ሰው አንድ መስመር ሳይሆን ሙሉ ገጽ ማንበብ ይችል ነበር።

"ሌላ የለም" አልኩ።

"እንግዲያው ይሰረዝ" አሉ ጋሽ ለሚ።

በማስመሪያ ነው የሰረዝኳት። ንጹህ ሥራ እወድ ነበር። ጫልቱ አላለቀሰችም። ባዶ ጆንያዋን በአራት አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገችና በሰልፉ መሃል አልፋ ወጣች፤ መንገድ ለመልቀቅ የተጠጋጋው ሰው አንዱም ቀና ብሎ አላያትም። ወዲያው የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። በወሩ መጨረሻ እንግዶቹ መጥተው የተሰረዘውን ስም አዩ፣ ደስ አላቸው። እኔም ደብዳቤዬን አገኘሁ።

ጋሽ ለሚ ከራሳቸው ድርሻ ግማሹን ስንዴ ተሸክመው እህታቸው ደጅ አደረሱ። ጫልቱ ያንኑ ጆንያ ተሸክማ መጥታ የወንድሟ ደጃፍ ላይ ዘርግፋው ሄደች። በዚያ ረሃብ ስንዴ መሬት ላይ ሲፈስ ያየ ሰው ሁሉ ጋሽ ለሚን ረገመ። እሳቸው ዶሮዎቹን አባረው፣ ተንበርክከው ፍሬ በፍሬ ለቀሙት። ጫልቱ ቃሊቲ ወርዳ መጋዘን ጠራጊ ሆነች፤ እኛ የምናድለው ስንዴ የሚራገፍበት መጋዘን ነው። ወለል ላይ የተንጠባጠበውን ጠርገው እንዲወስዱ ለጠራጊዎቹ ይፈቅዱላቸው ነበር። አቧራው ደረቷ ውስጥ ገባ፣ ስትስል ከረመች። በሚቀጥለው ክረምት መውጫ ላይ ሞተች።

መቃብሯን የቆፈሩት ጋሽ ለሚ ብቻቸውን ናቸው። በእኛ ዘንድ ወንዱ ሁሉ አካፋ እየተቀባበለ ነው አፈር የሚመልሰው። እሳቸው ግን ቆፍረውም አፈሩን ሲመልሱም ለማንም አልሰጡም። እኔም ጠጋ ብዬ ልቀበልዎ አልኳቸው። "አንተ ተው፣ እጅህ ለወረቀት ነው" አሉኝ። ደግነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው የመሠረተ ትምህርት ዙር ጋሽ ለሚ ተመዘገቡ። ቀደም ሲል ሁለት ዙር ዓይኔ ደክሟል ብለው ያመለጡ ሰው ናቸው። አያንቱ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከእሷ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ሀ ሁ ሲሉ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ጋሽ ለሚ ሚኒስትር ሊሆኑ ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ለቀልዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ደብተር ይዘው ተራራው ላይ ይውላሉ።

ሠርተፊኬታቸውን በወሰዱ በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። ያን ወረቀት አውጣው አሉኝ። የቱን አልኳቸው። ፋይሉ ተዘዋውሯል ምናምን ብዬ ብዘባርቅም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ አወጣሁላቸው። ሌባ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው ጀመሩ። አንዱን ፊደል ይዘው ቀጣዩን ይፈልጋሉ፣ ተሳስተው ይመለሳሉ። እኔ የሚደርሱበትን አውቃለሁ፤ ጣታቸው እየቀረበ ሲመጣ እያየሁ ተቀምጫለሁ። ያቺ መስመር ላይ ደረሱ። "በ… ግ… ዳጅ… ላይ…" እያሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው ሳይደናቀፉ አንድ ጊዜ አነበቧት።

"ይቺ ያን ቀንም ነበረች?"

"ነበረች።"

"ሌላ የለም አልከኝ።"

"ሊቀመንበሩ እኮ…"

"ሊቀመንበሩን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት አንተን ነው።"

ወረቀቱን ራሳቸው ፋይሉ ውስጥ መልሰው ወደ ተራራው ሄዱ። አልጮኹም፣ አልከሰሱኝም፣ ለማንም አልተናገሩም። ያሳርፉኛል ብዬ ነበር፤ አላሳረፉኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ እኔ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር ጋሽ ለሚ ከኋላ ይነሡና "ድገመው" ይላሉ። ስደግመው መጥተው ከትከሻዬ በላይ አጮልቀው በዓይናቸው ይከተሉኛል። ስለ ማዳበሪያ ቢሆን፣ ስለ ክትባት ቢሆን፣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያለ ጽሑፍ እንኳ ቢሆን። ሰው ሽማግሌው ማንበብ ስለቻለ ይኩራራል እያለ ይስቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማልስቀው። አንባቢዬ ማለትም ትተው አንባቢው ይሉኝ ጀመር።

ቶሎሳ ከጦር ሜዳ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ በክራንች ነው የመጣው። እናቱ የለችም፣ ላሟ የለችም። ማን አስሰረዛት ብሎ ሲጠይቅ መንደሩ በአንድ አፍ አጎትህ አለው። ጋሽ ለሚ በየጠዋቱ ወደ ተራራው ሲወጡ በደጁ ያልፋሉ፣ ቶሎሳ ብለው ይጠሩታል፤ ቶሎሳ ምራቁን እንትፍ ብሎ ፊቱን ያዞራል። በማግስቱም ያልፋሉ፣ ይጠሩታል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ለምን እውነቱን አይነግሩትም አልኳቸው።

"ምን ብዬ? አላወቅኩም ብዬ?" አሉኝ። "ላሟን አውቄያታለሁ። እህቴንም አውቃታለሁ።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ "አንተስ ለምን አትነግረውም?" አሉኝ።

በዚያው ወር ዝውውር ጠይቄ አቃቂ ከተማ ቢሮ ገባሁ፤ ቤቴንም ሳሪስ አቦ አደረግሁ። አራት ዓመት ያን ተራራ ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ ነበር የማየው። እየለመለመ ሄደ።

የቀብሩ ቀን አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ሊቀመንበሩ ያው ሊቀመንበር ነው፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቶሎሳ ከሰዉ ራቅ ብሎ በክራንቹ ተደግፎ ቆሟል፤ ለአጎቱ ሳይሆን ለአገር ይሉኝታ የመጣ ይመስላል። አያንቱ ከደብተር የተቀደዱ አራት ቅጠሎች ሰጠችኝና ከኋላዬ ቆመች። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ አስምረውበታል።

የተወለዱበትን አነበብኩ፣ አባታቸውን አነበብኩ፣ በጋራ ቦሩ ጥበቃ የቆዩበትን አነበብኩ። ከዚያ ሦስተኛው ቅጠል ላይ እንዲህ ይላል፦ "እህቴን ጫልቱን ከስንዴ ያስሰረዝኳት እኔ ነኝ። ላሟን አውቄ ነው የነዳሁት። ይህ በደል የእኔ ነው።" ሴቶቹ እህ አሉ። ቀጣይዋን መስመር ዓይኔ ቀድሞ አያት። ሊቀመንበሩን አየሁት፣ ቶሎሳን አየሁት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደሚቀጥለው ወረድኩ፦ "ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ…"

"ይድገሙት" አለች አያንቱ ከትከሻዬ ኋላ። ጮክ አላለችም፤ ግን ሁሉም ሰማ።

ደገምኩት። "የወታደር ቤተሰብ አይነካም የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ ነበር። ሌላስ ምን ይላል ብዬ ጠይቄው ሌላ የለም ያለኝ፣ አሁን ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ነው። የቶሎሳ እናት በሁለታችን እጅ ነው የሞተችው። እኔ ድርሻዬን ይዤ ሄጃለሁ።"

ሊቀመንበሩ እንደዚያን ቀን ጥፍሩን ያይ ነበር። የቀሩትን መስመሮች እንዴት እንዳነበብኳቸው አላስታውስም፤ የመጨረሻዋን ግን አልረሳትም፦ "አንብቦ ሲጨርስ አካፋውን ስጡት።"

ሳጥኑ ወረደ። አካፋዎቹ አፈሩ ክምር ላይ ተሰክተዋል፣ ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመዋል፣ አንድም እጅ አልተዘረጋም። ቶሎሳ እየተንገዳገደ መጣና አንዱን አካፋ ነቅሎ ሰጠኝ። ፊቴን አላየኝም። ጀመርኩ። ሰው ሊቀበለኝ ይመጣል ብዬ አንዳንዴ ቀና እል ነበር። መዳፌ ተላጠ፣ ከረባቴን ፈትቼ ጣልኩት። ቄሶቹ ሄዱ፣ ሴቶቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ ሄዱ። ቶሎሳ ብቻ ክራንቹን ተደግፎ፣ መቃብሩ ሞልቶ እስክደለድለው ድረስ ቆሞ አየኝ።